የፌርፋክስ እቁብተኞችና የእኔ ድረ ገጽ

ከሆሊውድ ቡሌቫርድ የሚመጣው 217 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ሲታጠፍ መስኮት ዳር ቦታ ማግኘት ዕድል ነው። ከአገር ቤት ሆነን ሆሊውድ ሲባል የሚታየን ፊልምና ቀይ ምንጣፍ ነው። እኔ ያረፍኩበት የእህቴ ልጅ ቤት ግን ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በመስኮቷ የሚታየው ጎማ ቤት ነው። አውቶቡሱ ወደ ደቡብ ሲወርድ መጀመሪያ የአይሁዶቹ ሰፈር ይመጣል፤ ካንተርስ የሚባለው ምግብ ቤት ከ1953 ጀምሮ እዚያው ነው። ቀጥሎ በ1934 የተቆረቆረው የገበሬዎች ገበያ፣ ዊልሻየር መገናኛ ላይ ደግሞ ኦስካር የሚሸልመው አካዳሚ በ2021 የከፈተው የፊልም ሙዚየም አለ። (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።) ኦሎምፒክ ጎዳናን ሲሻገሩ በግራም በቀኝም ፊደላችን ብቅ ይላል።

ከተማው ይህን ሰፈር ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው በ2002 ነው። ስሙ ሲጠራ ትልቅ ይመስላል እንጂ በእግር ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ አንድ ስኒ ቡና የሚፈላበትን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ምግብ ቤቶች፣ ቅመምና እንጀራ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ የሐበሻ ልብስ ቤት። ከአንዱ ቤት የቡና ጭስ፣ ከሌላው የቁሌት ሽታ ይወጣል። አንድ ሰው ቆሞ ስልክ ያወራል፤ አነጋገሩን ከሰማችሁ የትኛው ሰፈር እንዳደገ ታውቃላችሁ።

እኔ የመጣሁት ለሦስት ወር ነው። ሃያ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ ሳቀናብር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ሰለቸሁት መሰለኝ፣ “ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ከሚውሉ ለምን ድረ ገጽ መሥራት አይማሩም? ገጽ ማቀናበር ያው አይደል?” አለኝና አሮጌ ላፕቶፑን ሰጠኝ። ያው አይደለም። ግን ጠዋት ጠዋት ኢቫር ጎዳና ላይ ወዳለው የሆሊውድ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። ሕንፃውን የነደፈው ዝነኛው ፍራንክ ጌሪ ነው፣ የተከፈተውም በ1986። ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም በነፃ ነው፤ ማንም ምን ትሠራለህ አይልም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፌርፋክስ እወርዳለሁ። እዚያ አስተማሪ አለችኝ። ቀን አንድ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች፣ ማታ ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማራለች። የጎንደር ልጅ ናት። የምሳ ሰዓት ግርግር ሲበርድ ጥግ ላይ ወዳለው ጠረጴዛዬ ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የምከፍላት በአማርኛ ሰዋስው ነው፤ ለልጇ ማስተማሪያ ትፈልገዋለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። ኤችቲኤምኤል የገጹን አጥንት ያቆማል፣ ሲኤስኤስ ያለብሰዋል። እንደ እኔ ያለ ገጽ አቀናባሪ እዚህ ጋ ይኮራል። አንድ ቃል ብቻ ጽፌ የዝርዝሩ ተራ ቁጥር ሁሉ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ በግዕዝ ሲደረደር ጮኼ ነበር፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ጃቫስክሪፕት ግን ሌላ ነው። ብሬንደን አይክ የሚባል ሰው በ1995 በአሥር ቀን እንደሠራው ነገረችኝ። እንደተቸኮለ ያስታውቃል።

ይህ ሁሉ በአንባቢው ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ልጆቹ ፍሮንት ኤንድ ይሉታል። ሌላው ወገን፣ ባክ ኤንድ የሚሉት፣ ሩቅ ቦታ ያለ ሰርቨር ላይ የሚሠራው ነው፤ መዝገቡ፣ ዳታቤዙ፣ ሒሳቡ እዚያ ነው። ለዚያኛው ወገን ድሮ ፒኤችፒ ይማሩ ነበር፣ አሁንም ብዙ ሰው ይሠራበታል። እኛ የያዝነው በ2009 የወጣውን ኖድን ነው፤ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይም ስለሚያስኬድ ለሽማግሌ አንድ ቋንቋ ይበቃል ብላ ነው።

“መጽሐፉ ሁሉ በምግብ ቤት ነው የሚያስረዳው” አልኳት አንድ ቀን። “ደንበኛው ብራውዘር፣ ወጥ ቤቱ ሰርቨር ነው ይላል። አስተናጋጇ ትእዛዝ እየወሰደች ትመላለሳለች።”

ሳቀች። “ጋሼ፣ እኔ አስተናጋጅ ነኝ። እዚህ ቤት ደንበኛ ሜኑውን ይዞ ቤቱ ገብቶ፣ ዋጋውን በእስክሪብቶ ሰርዞ፣ በማግስቱ መጥቶ ‘ሜኑው እንዲህ ይላል’ ብሎ አይከፍለኝም። ድረ ገጽ ላይ ግን እንዲያ ነው የሚደረገው። ወደ ብራውዘሩ የላኩት ሁሉ የሰውየው ንብረት ነው፤ እንደፈለገ ይለውጠዋል።”

ሰማኋት፤ ግን አልገባኝም ነበር።

መለማመጃ እንዲሆነኝ ለፌርፋክስ እቁብተኞች የእቁብ ገጽ ልሥራ አልኩ። አሥራ ሁለት ሰው፣ በሳምንት ሁለት መቶ ዶላር። እቁብተኛው ስሙን ያስገባል፣ የጣለውን ይጽፋል፣ ገጹ ደምሮ ያሳያል። ከሁለት መቶ በታች የጻፈ እንደሆነ በቀይ “ከ200 ዶላር በታች አይቻልም” እንዲለው አደረግሁ። ራሴ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ 150 ስጽፍ ይቆጣኛል፣ 50 ስጽፍ ይቆጣኛል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ማክሰኞ ከሰዓት አሳየኋት። ሽሮ እንደያዘች ቆማ አየችው፣ ወስዳ ለደንበኛው ሰጥታ ተመለሰች። ከላይኛው የቁልፍ ረድፍ አንዱን ተጫነች፤ የገጹ ሆድ ዕቃ በጎን ተዘረገፈ። ያን ሁሉ ቀን የደከምኩበትን ቁጥጥር አገኘችው፣ ሰረዘችው፣ 200 ጻፈች፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አደረገችበት፣ ላከችው። ከደቂቃ በላይ አልፈጀም። ሰርቨሬ “እናመሰግናለን” አላት። 2,400 ሊሆን የሚገባው የሳምንቱ ድምር 2,000 ሆነ። እቁቡ የሁለት መቶ ዶላር ባለዕዳዋ ሆነ።

“አሁን ገባዎት?” አለችኝ።

ገባኝ፤ የገባኝ ግን በምግብ ቤቱ ምሳሌ አይደለም። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። እቁብተኛው በገዛ ደብተሩ “ከፍያለሁ” ብሎ ቢጽፍ ጸሐፊው በዚያ አይመዘግብለትም፤ ብሩን ቆጥሮ ነው በራሱ መዝገብ የሚያሰፍረው። ብራውዘሩ የእቁብተኛው ደብተር ነው። ሰርቨሩ ነው ጸሐፊው። የእኔ ጸሐፊ ግን እያንዳንዱን ሰው ደብተሩን እያየ የሚያምን የዋህ ነበር። ያን ማታ ቁጥጥሩን እንዳለ ሰርቨሩ ላይ ደግሜ ጻፍኩት። የብራውዘሩንም አላጠፋሁትም፤ ተሳስቶ ለሚጽፍ ሰው ቶሎ ይነግረዋልና ለጨዋነት ይጠቅማል።

ቅዳሜ በሰንሴት ጎዳና አውቶቡስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። የእኛ ሰው ግቢውን የሚያውቀው በኃይሌ ገሪማ ነው፤ ፊልም የተማሩት እዚህ ነው፣ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” የሚለውን ፊልማቸውንም ያወጡት በዚያው ዘመን፣ በ1976። እኔ ግን የሄድኩት ለሌላ ነገር ነው። ቦልተር ሆል የሚባለው የምህንድስና ሕንፃ ውስጥ 3420 ቁጥር ያለባት ክፍል አለች። የልብስ ቁም ሣጥን የሚያህል ግራጫ ብረት ቆሞባታል። ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4:30 ላይ፣ ከዚህች ክፍል አንድ ኮምፒውተር ሰሜን ካሊፎርኒያ ያለውን የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኮምፒውተር ጠራ። በኋላ ኢንተርኔት የሆነው መረብ የመጀመሪያ መልእክት ይኸው ነው።

ታሪኩን ሌላ ቦታ ሰምቼው ነበር፤ ግን የእቁቤ ገጽ ከከሰረ በኋላ ስሰማው ሌላ ሆነብኝ። በፕሮፌሰር ሌናርድ ክላይንሮክ ሥር ያለው ተማሪ ቻርሊ ክላይን “ሎግ ኢን” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረ። ኤል ብሎ ጻፈ፤ በስልክ ወዲያ ማዶ ያለውን ቢል ዱቫልን “ደረሰህ?” አለው። ደረሰ። ኦ ብሎ ጻፈ። ደረሰ። ጂ ሲል የወዲያኛው ኮምፒውተር ወደቀ። አንድ አንድ ፊደል ብቻ ይመጣል ይሄዳል ተብሎ በተዘጋጀ ቦታ ላይ ማሽኑ ቃሉን ጨርሶ በርከት ያለ ፊደል አንድ ላይ ሊመልስ ሞከረና ቦታው አልበቃው አለ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው አስተካከሉትና ተሳካ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጠያቂና የመጀመሪያው መላሽ በተገናኙበት ምሽት፣ የመጀመሪያው ስህተትም መላሹ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው የተፈጠረ ነው። በእኔ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ።

ደግሞ የድረ ገጽ ስም የሚባለው ነገርም የዚሁ አካባቢ ሥራ ነው። ማሪና ዴል ሬይ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ቁጥር በስም የሚተካበትን ሥርዓት ነደፈ። “ነጥብ ኢቲ” ብለን የአገራችንን አድራሻ የምንጽፈው በዚያ ሥርዓት ነው። በተመለስኩ ጊዜ ይህን ለእቁቡ ዳኛ ነገርኳቸው፤ “ታዲያ ገንዘባችን የታለ?” አሉኝ።

ገንዘቡ ተስተካክሏል። የቀረው ፊደሉ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ቀን ቆየሁ፤ አልቆጭም።

አሥራ ሁለቱን ስም ዳታቤዝ ውስጥ አስገብቼ ሳወጣው ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ተክለሃይማኖት ብዬ የጻፍኩት ሰው ስምንት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ። ምልክቶቹን ሳይ ማተሚያ ቤት ያሳለፍኩት ዘመን ፊቴ ድቅን አለ። ያኔ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ እንጽፍ ነበር። ፊደሉ በእውነት ፊደል አልነበረም፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ምልክት ነው፣ ከላይ የግዕዝ መልክ የለበሰ። ጽሑፉን የላክንለት ሰው ፎንቱ ከሌለው የሚያየው ዝብርቅርቅ ነው። ጠቅላላ ጣጣው በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ የተጣለ ነበር። እንደ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ደክመውበት፣ በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው። የሀ ቁጥር 4608 ነው። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ በየትም አገር ኮምፒውተር ያው ፊደል ነው፣ መንገድ ላይ ካልተበላሸ።

የእኔ የተበላሸው መንገድ ላይ ነው። ብራውዘሩ ትክክል ላከ፤ ዳታቤዙ ግን አሮጌ ነበርና የላቲን ፊደል ብቻ እንዲያስቀምጥ ሆኖ የተተከለ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ቦታ ሲለካ በፊደል ሳይሆን በባይት የሚቆጥር ፕሮግራም ቢገጥማችሁ ስማችሁ ሲሦው ላይ ይቆረጣል። ዳታቤዙን አሳድሼ አጻጻፉን ቀየርኩና ስሞቹን እንደገና አስገባሁ። ሁሉም ወጡ።

አንዷ ግን ጠፋች። ወይዘሮ ፀሐይ ስማቸውን ፈልገው አጡት። መዝገቡ ላይ አለ፤ እኔ በዓይኔ አያለሁ። እሳቸው “ጸሀይ” ብለው ነው የፈለጉት፣ ያስመዘገባቸው ልጃቸው “ፀሐይ” ብሎ ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለሰርቨሩ ፀ 4928 ነው፣ ጸ 4920፤ ሐ 4624፣ ሀ 4608፣ ኀ ደግሞ 4736። ያቺ ሦስት ፊደል ስም ቢያንስ በስድስት መልክ ልትጻፍ ትችላለች። ይህን ብራውዘር አይፈታውም። ሰርቨሩ ላይ፣ ከመፈለጉ በፊት፣ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ ሃያ መስመር የማትሞላ ኮድ ጻፍኩ። በመዝገቡ ላይ ስማቸው እንደ ልጃቸው አጻጻፍ ይቆያል፤ ሲፈለግ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። በሦስቱም ወር ከሠራሁት የምኮራበት እሱ ነው። ማንም አላየልኝም፤ በገጹ ላይ አይታይማ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ዘመን መጣ። ብራውዘሮች የእኛን ዘመን አቆጣጠር እንደሚያውቁ ማን ነገረኝ? ጃቫስክሪፕትን “ይህን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአማርኛ አሳየኝ” ብትሉት መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ያሳያችኋል፤ የዚያችን የቦልተር ሆል ሌሊት ቀን ያገኘሁትም በዚያ ነው። የቀን መምረጫው ሳጥን ግን የሚቀበለው የፈረንጁን ብቻ ነው። ያሳያል እንጂ አይቀበልም። ስለዚህ ለትውልድ ቀን ሦስት ሳጥን ራሴ ሠራሁ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። አንዱ እቁብተኛ ወሩን ከላይ እስከ ታች ቢያይ “ጋሼ፣ የእኔ ወር የለም” አለኝ። በየዓመቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቀን መቁጠሪያ ሳቀናብር የኖርኩ ሰው ጳጉሜን ረስቼ! ጨመርኩለት። አሁንም አልቀበል አለው፤ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፣ እኔ የፈቀድኩት እስከ 5 ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ የሉቃስ ዓመት ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። እሱን ሰርቨሩ ላይም ብራውዘሩም ላይ ጻፍኩት።

ሰዓቱም አላስተኛኝም። ለክረምት አዲስ አበባ የሄደች እቁብተኛ በሎስ አንጀለስ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጣለችው፣ በስልኳ ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የእሑዱን አሳልፋለች ብሎ ገጹ ሊቀጣት ነበር። ሰርቨሩ ሁልጊዜ በግሪኒች ሰዓት እንዲመዘግብ፣ የመጣያውን ቀን ግን በሎስ አንጀለስ ሰዓት እንዲቆጥር አድርጌ ተገላገልኩ።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ፎርም በኢንተርኔት ሙላ አለኝ። “የመጨረሻ ስም” ይላል። የእኛ ሰው የመጨረሻ ስም የለውም፤ አባት ነው ያለው። አባቴን ጻፍኩ፤ በጥሪ ጊዜ በአባቴ ስም “ሚስተር” እያሉ ጠሩኝ፣ አባቴ ከሞቱ ዘመን አልፏል። ለመሳቅ ያህል በፊደላችን ጻፍኩበት፤ “ስም ፊደል ብቻ መያዝ አለበት” አለኝ። እንግዲህ ሀ ፊደል ካልሆነ ምንድን ነው? ያቺን ቁልፍ ተጭኜ አየሁት፤ ከኤ እስከ ዜድ ብቻ ይፈቅዳል። ልሰርዘው እችል ነበር። በሰው ቤት ግን አላደርገውም፤ በላቲን ጻፍኩና ላክሁ።

እቁቡ አሁን ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዳኛው ዕጣውን ኮምፒውተር ያውጣው የሚለውን አልተቀበሉም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ባርኔጣ ውስጥ ነው የሚወጣው። ድምሩን ግን ከገጹ ያነባሉ፤ አስተማሪዬም በየሳምንቱ ልታጭበረብረው ትሞክራለች፣ እስካሁን አልሆነላትም።

አገር ቤት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አምስት ሚሊዮን ኮደር ለማፍራት በተጀመረው ሥልጠና ገብታችሁ የምትማሩ ልጆች ይህን ብታነቡ፣ ከአንድ ጡረተኛ ገጽ አቀናባሪ ልመና ተቀበሉኝ። ፎርም ስትሠሩ ሳጥኑ ላይ “ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም” ብላችሁ ጻፉ። ፀሐይንም ጸሀይንም አንድ ሰው አድርጋችሁ ፈልጉ። ጳጉሜን 6 የተወለደውንም ሰው እባካችሁ አስገቡት።